የሙያ ቃል ዕዳ፦ በምሁራዊ ጽሑፍ ውስጥ ሙያዊ ቃላትን በአግባቡ ስለ መጠቀም

መግቢያ

አስኮት ቬል ከሜልበርን መሀል ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቃ የምትገኝ ሠፈር ናት። በዚያ ባለው የመንግሥት የኪራይ ቤቶች መንደር ከአፍሪካ ቀንድ የመጡ በርካታ ቤተሰቦች ይኖራሉ። እኛም ጥቂት የአገር ልጆች በዚሁ ሠፈር በአንድ ወዳጃችን ቤት እየተሰበሰብን፣ ለኅትመት የታሰቡ ጽሑፎችን ከመላካችን በፊት ጮክ ብሎ የማንበብና እርስ በርስ የመተራረም ልማድ አለን።

በአንድ ምሽት የቀረበልን ረቂቅ በሜልበርን ስለሚገኙ የኢትዮጵያውያን ዕድሮች የሚያትት ነበር። ጸሐፊው ከመካከላችን አንዱ ሲሆን፣ በማኅበራዊ ጥናት የሠለጠነ፣ ነገሩንም ከልቡ የመረመረ ሰው ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ዕድር «ማኅበራዊ ካፒታል» መሆኑን ጻፈ። በሁለተኛው ገጽ «ማኅበራዊ ሀብት»፣ በአራተኛው ደግሞ «የማኅበረሰብ ጥሪት» የሚሉ ቃላት መጡ። እኛ እንዲህ ያለውን አነጋገር የለመድን ስለሆንን ራሳችንን እየነቀነቅን እናዳምጥ ነበር። በዚህ መካከል ቶናውን የሚቀዱልን የቤቱ እናት ጀበናቸውን አስቀምጡና እንዲህ ሲሉ ጠየቁ፦ «ልጆቼ፣ ይህ ካፒታል የምትሉት ዕድሩን ነው? ዕድር ከሆነ ዕድር በሉት። ዕድር ካልሆነም ምን እንደሆነ ንገሩኝ።»

ለዚህ ጥያቄ ወዲያውኑ መልስ የሰጠ አልነበረም። ቆይቶ መልስ ሲመጣም ከአምስት ሰዎች አምስት ልዩ ልዩ መልሶች መጡ። ጸሐፊው ራሱ ሁለት ጊዜ ተናግሮ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጋር አልገጠመለትም። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ጥያቄ የተነሣ ነው። ዓላማውም ሙያዊ ቃል በምሁራዊ ጽሑፍ ውስጥ ምን አገልግሎት እንዳለው፣ መቼ እንደሚያስፈልግና በምን ሁኔታ ወደ መሸፈኛነት እንደሚለወጥ ለማብራራት ነው። የምንከራከርለት ሐሳብ አንድ ነው፤ ሙያዊ ቃል ጸሐፊው ከአንባቢው የሚበደረው እምነት ስለሆነ፣ ትርጉሙን በመስጠትና በትርጉሙም በመጽናት ሊከፈል ይገባዋል።

የሙያ ቃል ምንነት

እንደሚታወቀው በተራ አነጋገር አንድ ቃል ብዙ ነገሮችን፣ ብዙ ቃላትም አንድን ነገር ሊያመለክቱ ይችላሉ። የቋንቋ ውበትና ለዛም በከፊል ከዚህ የሚመነጭ ነው። የሙያ ቃል ግን ይህንን ነፃነት የተወ ቃል ነው። ለምሳሌ ያህል «ውህድ» እና «ድብልቅ» የሚሉትን ሁለት ቃላት እንመልከት። በዕለት ተዕለት ንግግራችን አንዱን በሌላው ቦታ ብንጠቀም የሚታዘበን የለም። በኬሚስትሪ ትምህርት ግን ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። ሚጥሚጣ ድብልቅ ነው፤ በርበሬው፣ ቅመሙና ጨው እየራሳቸው ጠባያቸውን ይዘው አብረው ይገኛሉ። በሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ጨው ግን ራሱ ውህድ ነው፤ ሶዲየምና ክሎሪን ተዋሕደው የቀድሞ ጠባያቸውን ትተዋል። ተማሪው እነዚህን ሁለት ቃላት ካደባለቀ የሚሳሳተው በአማርኛው ሳይሆን በኬሚስትሪው ነው።

እንዲህ ያለው የቃላት ሥርዓት ከውጭ የመጣ ብቻ እንዳይመስለን ያስፈልጋል። በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤቶች የዜማ ሊቃውንት ድፋት፣ ደረት፣ ጭረት፣ ቅናት፣ ሂደት፣ ቁርጥ እያሉ የሚጠሯቸው ምልክቶች አሏቸው። ደረት የአካል ክፍል ነው፤ ድፋትም ከመድፋት የተገኘ ነው። በዜማው ጉባኤ ግን እነዚህ ቃላት እያንዳንዳቸው አንድ የተወሰነ የድምፅ አካሄድ ያመለክታሉ፤ መሪጌታው ድፋት ሲል ደረት የሚያዜም ተማሪ ይታረማል። በቅኔ ቤትም ሰም፣ ወርቅና ኅብር የሚባሉት እንዲሁ ናቸው። ከዚህ የምንረዳው፣ የሙያ ቃል ሙያዊ የሚሆነው እንግዳ ወይም ከባድ ስለሆነ ሳይሆን፣ ባለሙያዎቹ ትርጉሙን ወስነው ስለሚጠብቁት መሆኑን ነው። ደረት ከሚለው ቃል የቀለለ የለም፤ ከእርሱ የጠነከረ የሙያ ቃልም በቀላሉ አይገኝም።

አንድ ነገር በሦስት ስም፣ ሦስት ነገር በአንድ ስም

ወደ ወዳጃችን ረቂቅ እንመለስ። የመጀመሪያው ጉድለት አንዱን ነገር በሦስት ስም መጥራቱ ነበር። ይህን ያደረገው ከስንፍና አልነበረም። በድርሰት ትምህርት አንድን ቃል ደጋግሞ መጻፍ እንደ ድኽነት ተቆጥሮብን ያደግን ነን፤ ስለዚህም ቃሉን ማለዋወጥ ማሳመር ይመስለናል። ለልብ ወለድና ለመወድስ ይህ ምክር መልካም ሊሆን ይችላል። በምሁራዊ ጽሑፍ ግን ቃሉ ሲለወጥ አንባቢው ነገሩ የተለወጠ ይመስለዋል፤ እንዲመስለውም መብት አለው። «ካፒታል» ሲል ከቆየ በኋላ «ጥሪት» የሚል ጸሐፊ፣ አንባቢው በሁለቱ መካከል ያለውን ልዩነት ሲፈልግ እንዲደክም ይፈርድበታል። እዚህ ላይ መደጋገም ጉድለት ሳይሆን ታማኝነት ነው።

ተቃራኒው ጉድለት ደግሞ የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ቃል መጠቅለል ነው። በስደት የምንኖር ሰዎች ዘወትር የምንጠቀምበት «ስደተኛ» የሚለው ቃል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። በአማርኛ ልማድ ሥራ ፍለጋ የወጣውም፣ ከእስር ያመለጠውም፣ በቤተሰብ ጥሪ የመጣውም ስደተኛ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1951 የወጣው፣ አውስትራሊያም በ1954 የተቀበለችው ዓለም አቀፍ ስምምነት ግን ቃሉን ይወስነዋል። በስምምነቱ መሠረት ስደተኛ የሚባለው በዘሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዜግነቱ፣ የአንድ ማኅበራዊ ወገን አባል በመሆኑ ወይም በፖለቲካ አመለካከቱ ምክንያት በደል ይደርስብኛል ብሎ በቂ መሠረት ባለው ሥጋት ከአገሩ ውጭ የሚገኝና ወደዚያ መመለስ ያልቻለ ወይም ከሥጋቱ የተነሣ ያልፈቀደ ሰው ነው። ጥያቄው ገና ያልተወሰነለት ሰው ጥገኝነት ጠያቂ ይባላል። እንግዲህ ስለ ስደተኞች መብት የሚጽፍ ሰው በየትኛው ትርጉም እንደሚጠቀም ካልተናገረ፣ ስለ አንደኛው ወገን ያቀረበው ማስረጃ ስለ ሌላው እንደቀረበ ሊቆጠር ይችላል። በዚህ ጉዳይ የቃል ስሕተት የሰውን ዕድል እስከ መወሰን ይደርሳል።

ከአገራችን የሕግ ሰነዶችም አንድ ምሳሌ እንጨምር። በ1987 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ የሚሉ ሦስት ቃላትን ይጠቀማል። አንቀጽ 39 በንዑስ አንቀጽ 5 ለእነዚህ ቃላት ትርጉም ይሰጣል፤ ይሁን እንጂ የተሰጠው ትርጉም ለሦስቱም አንድ ነው። አንባቢው ሦስቱ አንድ ከሆኑ ለምን ሦስት ስም አስፈለጋቸው፣ ሦስት ከሆኑስ ልዩነታቸው የት ላይ ነው ብሎ ቢጠይቅ፣ መልሱን ከአንቀጹ አያገኝም። በተጨማሪም «ብሔር» በግዕዝ አገር፣ ምድር ማለት እንደነበረ «እግዚአብሔር» ከሚለው ስም እንረዳለን። አገርን ያመለክት የነበረው ቃል በኋላ ሰዎችን ወደ ማመልከት ተሸጋገረ። የቃል ትርጉም በዘመን መለወጡ ያለና የሚኖር ነገር ነው። ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሰው፣ የሕገ መንግሥቱ ደጋፊም ይሁን ነቃፊ፣ ክርክሩን ከመጀመሩ በፊት በየትኛው ትርጉም እንደሚጠቀም መናገር ግዴታው ነው።

ቃሉን ከየት እናምጣው?

ለአዲስ ጽንሰ ሐሳብ ቃል ሲያስፈልግ ሦስት ምንጮች አሉ፤ ሕዝቡ ከሚሠራበት ቋንቋ መውሰድ፣ ከግዕዝ ሥር ማውጣትና ከውጭ ቋንቋ መዋስ ናቸው። ለሦስቱም የተሳካ ምሳሌ አለን።

ለመጀመሪያው የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ ይጠቀሳል። 3,367 ቁጥሮች ያሉትን ይህን ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ሲሆኑ፣ የረቂቁም ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። አበዳሪው የባለዕዳውን ንብረት ይዞ በወለዱ ፈንታ በፍሬው የሚጠቀምበት የመያዣ ዓይነት በአውሮፓ ሕግ የግሪክኛ ስም ነበረው። ተርጓሚዎቹ ግን አዲስ ቃል አልፈጠሩም፤ ገበሬው መሬቱን ሲያስይዝ ይጠራበት የነበረውን «ወለድ አገድ» የሚለውን ስም ወሰዱ። ቃሉ ነገሩን በሁለት ቃል ያስረዳል፤ ወለዱን ያገደ ማለት ነው።

ለሁለተኛው የሰዋስው ትምህርት ምስክር ነው። ስም፣ ተውላጠ ስም፣ ቅጽልና ግስ በግዕዝ ሥር ላይ የቆሙ ሲሆኑ፣ ዛሬ ማንኛውም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ያውቃቸዋል። ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. በወጣው «የአማርኛ ሰዋስው» በተባለው መጽሐፋቸው «ምዕላድ» የሚለውን ቃል ትርጉም ላለው የመጨረሻ ትንሽ የቋንቋ ቅንጣት ይጠቀሙበታል። ቃሉ ለብዙ አንባቢ እንግዳ ነው፤ ነገር ግን ትርጉሙ ተሰጥቶት፣ በምሳሌ ተደግፎና ሳይለዋወጥ ሲሠራበት እንግድነቱ ከጥቂት ገጾች በኋላ ይቀራል።

ሦስተኛው መንገድ መዋስ ነው። ኦክስጅን፣ ባንክና ቫይረስ በአማርኛ ውስጥ ያለ ችግር ይኖራሉ። የውጭ ቃል መዋስ ነውር አይደለም። ችግር የሚመጣው ቃሉ ከመጣበት አገር ታሪክ ጋር ሲመጣ ነው። «ፊውዳል» የሚለውን ቃል እንውሰድ። በ1960ዎቹ የተማሪዎች ንቅናቄ ውስጥ ይህ ቃል የኢትዮጵያን የመሬት ሥርዓት በሙሉ ለመጥራት አገለገለ። በሰሜኑ ደጋ ግን ርስት ከአቅኚ አባት በመወለድ የሚገኝ የገበሬው የራሱ መብት ነበር፤ ጉልት ደግሞ ባለጉልቱ ከዚያ መሬት ግብር የሚሰበስብበት መብት እንጂ የመሬቱ ባለቤትነት አልነበረም። ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ወዲህ በደቡብ የተዘረጋው የገባርና የጭሰኛ ሥርዓት ሌላ መልክ ነበረው። «ባላባት» የሚለው ቃል እንኳ በሰሜን የዘር ክብርን ሲያመለክት፣ በደቡብ መንግሥት እውቅና የሰጠው የአካባቢ ገዥ ማለት ነበር። እነዚህን ሁሉ «ፊውዳል» ብሎ የጠቀለለ ጸሐፊ ሐሰት ጽፏል ለማለት አይደለም፤ በእርግጥም በገዥና በተገዥ መካከል የነበረው ግፍ እውነት ነበር። ነገር ግን ቃሉ ልዩነቶቹን ስለ ሸፈነ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ በጎጃም ባለርስትና በአርሲ ጭሰኛ ዘንድ ለምን በተለያየ መንገድ እንደታየ ለማስረዳት አይበቃም።

ቃል የወገን መለያ ሲሆን

ይህን የምንጽፈው ለአጻጻፍ ሥርዓት ብቻ ተጨንቀን አይደለም። የእኛ ትውልድ ትርጉማቸው ያልተወሰነ ቃላት ምን ሊያደርሱ እንደሚችሉ በዓይኑ አይቷል። በ1968 እና በ1969 ዓ.ም. በኢሕአፓና በመኢሶን መካከል በተካሄደው ክርክር፣ በፋብሪካ ተቀጥሮ ለሚሠራው መደብ በአንድ ወገን «ላብ አደር»፣ በሌላው «ወዝ አደር» የሚሉ ስሞች ይዘወተሩ ነበር። በሁለቱ ቃላት መካከል የፅንሰ ሐሳብ ልዩነት አለ ቢባል እንኳ፣ ብዙው ሰው ያወቃቸው በትርጉማቸው ሳይሆን በተናጋሪው ማንነት ነው። አፍ ሲከፈት ወገን ይታወቅ ነበር።

ከዚህ የከፉት ደግሞ «አድኃሪ»፣ «አናርኪስት» እና «ፀረ አብዮት» የሚሉት ነበሩ። እነዚህ በመነሻቸው የፖለቲካ ጥናት ቃላት ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በመጻሕፍት ውስጥ ትርጉም ነበራቸው። ወደ ቀበሌ ስብሰባ ሲወርዱ ግን ትርጉማቸው ወደ ኋላ ቀርቶ ፍርዳቸው ብቻ ደረሰ። «አናርኪስት ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስጠረጥር ነበር። አበው «ከአነጋገር ይፈረዳል፣ ከአያያዝ ይቀደዳል» ያሉት በእኛ ዘመን ቃል በቃል ደረሰ። ከዚህም የምንማረው፣ ትርጉሙ የማይጠየቅ የሙያ ቃል የዕውቀት መሣሪያ መሆኑ ቀርቶ የሥልጣን መሣሪያ እንደሚሆን ነው። ዛሬ በስደት የምንጽፋቸው ጽሑፎች ማንንም አያሳስሩ ይሆናል፤ ነገር ግን አንባቢ የማይጠይቀውን ቃል የመጻፍ ልማዱ ያው ልማድ ነው።

በተግባር

ከላይ የተባለውን በተግባር ለማሳየት፣ ጸሐፊው ፈቅዶልን ከረቂቁ አንድ ዐረፍተ ነገር እናቀርባለን፦ «የማኅበረሰቡ ካፒታላዊ ጥሪት ከመዋቅራዊ ውሕደት አንፃር ሲፈተሽ፣ ዕድሩ የማኅበራዊ ሀብት ዋነኛ ምንጭ መሆኑ በጉልህ ይስተዋላል።»

ዐረፍተ ነገሩ ሲሰማ ያምራል፤ ሲመረመር ግን ምን እንደሚል አይታወቅም። ማኅበራዊ ካፒታል የሚለው ጽንሰ ሐሳብ ራሱ ከአንድ በላይ አባት አለው። ፈረንሳዊው ፒዬር ቡርድዮ እ.ኤ.አ. በ1980 ስለዚህ ሲጽፍ፣ ሰዎች ካላቸው ዘላቂ ግንኙነት የሚያገኙትን ጥቅም፣ ይህም ጥቅም እኩል አለመከፋፈሉን አስቦ ነበር። አሜሪካዊው ሮበርት ፑትናም ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2000 ባሳተመው መጽሐፍ በይበልጥ ያተኮረው የአንድ ማኅበረሰብ የጋራ ሀብት በሆነው መተማመንና መተባበር ላይ ነው። ወዳጃችን ከሁለቱ የትኛውን እንደተከተለ አልተናገረም፤ በኋላ እንደተረዳነውም በአንዱ ገጽ አንዱን፣ በሌላው ሌላውን ይከተል ነበር።

ከብዙ ውይይት በኋላ ዐረፍተ ነገሩ እንዲህ ተለወጠ፦ «በዚህ ጽሑፍ ‹ማኅበራዊ ካፒታል› የምንለው አንድ ሰው ከሌሎች ጋር ባለው ዘላቂ ግንኙነት ምክንያት ሊያገኝ የሚችለውን ርዳታ ነው። ዕድር ይህ ርዳታ ከሚተላለፍባቸው መንገዶች አንዱ ነው፤ ይሁንና መዋጮውን መክፈል ያልቻለ ሰው ከዚህ መንገድ ውጭ ይቀራል።»

አንባቢ እንዲያስተውልልን የምንፈልገው የመጨረሻውን ሐረግ ነው። መዋጮ መክፈል ያልቻለው ሰው በመጀመሪያው ረቂቅ ውስጥ የትም አልነበረም። ጸሐፊው ሳያውቀው ቀርቶ አይደለም፤ የሚያስገባበት ቦታ አልነበረውም። «የማኅበራዊ ሀብት ምንጭ» የሚለው አነጋገር ሁሉን በአንድነት ስለሚጠቀልል፣ ውጭ የቀረውን ለማየት አያስችልም። እንዲያውም ያንን ረቂቅ ያነበበ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ «እነዚህ ሰዎች በራሳቸው ጥሪት የበለጸጉ ናቸውና ድጋፍ አያሻቸውም» ወደሚል መደምደሚያ ሊደርስ ይችል ነበር። ቃሉ ትርጉም ሲሰጠው ግን ሰውየው ብቅ አለ።

ከዚህ ልምድ በመነሣት ለጽሑፍ አቅራቢዎች የሚከተለውን እንመክራለን። አንደኛ፣ ሙያዊ ቃል ከመግባቱ በፊት ተራው ቃል ይበቃ እንደሆነ ይሞከር፤ ዕድሩን ዕድር ማለት ሲቻል ሌላ ስም አያስፈልገውም። ሁለተኛ፣ ቃሉ የሚያስፈልግ ከሆነ በመጀመሪያ በታየበት ስፍራ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይተርጎም፤ ከተለያዩ ሊቃውንት ትርጉሞች መካከልም የትኛው እንደተመረጠ ይገለጽ። ሦስተኛ፣ ከዚያ በኋላ ቃሉ እስከ መጨረሻው ገጽ አይለወጥ። አራተኛ፣ አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ቀደም ሲል የተሠራው ይፈለግ፤ የደስታ ተክለ ወልድ የ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላት፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉና የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት ብዙ ድካም ያቃልላሉ። አምስተኛ፣ ከሙያው ውጭ ላለ አንድ አስተዋይ ሰው ጽሑፉ ይነበብለት። ያ ሰው ሁሉንም ላይስማማበት ይችላል፤ ስለ ምን እንደሚወራ ግን ማወቅ አለበት።

በዚህ ላይ ሊነሣ የሚችል ተቃውሞ አለ። ዕውቀት ሁሉ በቡና ላይ ሊተረክ አይችልም፤ የፊዚክስ ሊቅ ለእያንዳንዱ አንባቢ «ኃይል»ን ከመጀመሪያው እያስረዳ ሊጽፍ አይችልም ይባል ይሆናል። ተቃውሞው እውነት አለው። ለሙያ ጓደኞች ብቻ የሚጻፍ ጽሑፍ የጋራ ቃላቱን ሳይተረጉም ሊጠቀም ይችላል፤ ዕዳው አስቀድሞ በትምህርት ቤት ተከፍሏልና። የእኛ ጽሑፎች ግን በአንድ ሙያ የተሰባሰቡ አንባቢዎች የላቸውም። ሐኪሙ የታሪክ ጸሐፊውን፣ የታሪክ ጸሐፊው የምጣኔ ሀብት ሊቁን ያነብባል። በልዩ ልዩ አገሮችና ቋንቋዎች የተማርን ስለሆንን፣ አንዱ የሚያውቀው ቃል ለሌላው ባዕድ ነው። በመካከላችን የጋራ ሆኖ የቀረው አማርኛው ነውና፣ እርሱን የሚያደበዝዝ አጻጻፍ አንዱን ከሌላው ይለያያል።

ማጠቃለያ

የሙያ ቃል ጠላት አይደለም፤ ያለ እርሱ ጥልቅ ጥናት ሊኖር አይችልም። የእናታችን ጥያቄ ሁለት ክፍል እንደነበረው እናስታውስ። «ዕድር ከሆነ ዕድር በሉት» ያሉት ከማያስፈልግ ቃል እንድንቆጠብ ነው። «ዕድር ካልሆነም ምን እንደሆነ ንገሩኝ» ያሉት ደግሞ ሌላ ነገር ሊኖር እንደሚችል ተቀብለው፣ ዕዳችንን እንድንከፍል ነው። ብዙዎቻችን የመጀመሪያውን እንደ አላዋቂነት እንሰማለን፤ ሁለተኛውንም ሳንሰማው እናልፋለን።

የተስተካከለው ረቂቅ በሚቀጥለው ስብሰባችን እንደገና ተነበበ። እኒያ እናት እስከ መጨረሻው አዳምጠው፣ መዋጮ መክፈል ስላልቻለው ሰው የሚናገረው ስፍራ ላይ ሲደረስ፣ «እውነት ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው አለ» አሉ። ቀጥለውም ዕድሩ ለእንደዚህ ያለው ሰው ምን ሊያደርግ እንደሚገባ ከጸሐፊው ጋር ይከራከሩ ጀመር። ጸሐፊው ከዚያ ክርክር ያገኘው ሐሳብ በጽሑፉ የመጨረሻ ክፍል ውስጥ ገብቷል።